የመጀመሪያዎቹ 12 የልምምድ ሳምንታት፦ ጡንቻ የሚሰጠውን ምላሽ እያወቁ መጀመር

ልምምድ ጀምረው በወሩ የተዉ ሰዎችን ምክንያታቸውን ስጠይቅ የምሰማው መልስ ተቀራራቢ ነው፦ «ለፋሁ፣ ላቤ ጠብ እስኪል ሠራሁ፤ መስታወት ፊት ስቆም ግን ያው ነኝ።» ይህን ስሰማ ያሳዝነኛል። በዚያ አንድ ወር ሰውነታቸው ሥራ አልፈታም። ነርቮቻቸው ጡንቻን አስተባብረው ማዘዝ ተምረዋል፤ የደማቸው መጠን ጨምሯል፤ ጡንቻዎቻቸው ከደም ውስጥ ስኳር የሚወስዱበት በር ሰፍቷል። ይህ ሁሉ በመስታወት አይታይም። በዓይን የሚታየው ለውጥ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እነርሱ ደግሞ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተዉት።

ስለዚህ ይህ መመሪያ «ምን ልሥራ» ለሚለው ጥያቄ ብቻ ሳይሆን «የሠራሁት ምን ሆነ» ለሚለውም መልስ እንዲሰጥ አድርጌ ጽፌዋለሁ። የታሰበው ልምምድ ጀምሮ ለማያውቅ ወይም ለረጅም ጊዜ ላቋረጠ ጤነኛ አዋቂ ነው። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ሲንቀሳቀሱ ደረትዎን የሚጨንቅዎ ወይም ራስዎን የሚያዞርዎ ከሆነ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳር የሚቀንስ ክኒን የሚወስዱ ሰዎች በተለይ ይህን ምክር እንዳያልፉት፤ ምክንያቱን ስለ ምግብ በሚያወራው ክፍል ያገኙታል።

1. መነሻዎን ይጻፉ

አንድ ደብተር ያዘጋጁ። ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት ባሉት ቀናት አምስት ቁጥሮችን ይመዝግቡበት፦ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የቆጠሩትን የልብ ምት፣ የሰውነት ክብደትዎን፣ በእምብርት ትክክል የተለካ የወገብዎን ዙሪያ፣ በእጅዎ ሳይደገፉ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር የተነሱበትን ብዛት፣ እንዲሁም ሁልጊዜ የሚያገኙትን አንድ መንገድ ፈጠን ባለ እርምጃ ለመጨረስ የፈጀብዎትን ጊዜ። ክብደት ከቀን ቀን ስለሚዋዥቅ የሦስት ወይም የአራት ጠዋት አማካይ ይውሰዱ። ደብተር የሌለው ሰው የሚፈርደው በስሜቱ ነው፤ ስሜት ደግሞ በደከመን ቀን ያለፈውን ሁሉ ያስረሳል።

2. ጡንቻ ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝ ይወቁ

ጡንቻ የሚኮማተረው ኤቲፒ ከሚባል ውህድ በሚያገኘው ኃይል ነው። ተዘጋጅቶ የሚቀመጠው ኤቲፒ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚበቃ ጡንቻ እየሠራ መልሶ መተካት አለበት። የሚተካበት ፈጣኑ መንገድ ክሬቲን ፎስፌት ነው፤ ይህ በሙሉ ኃይል ሲሠራ በ10 ሰከንድ ገደማ ይሟጠጣል። ሁለተኛው ግሉኮስ የተባለውን ስኳር ያለ ኦክስጅን መሰባበር ሲሆን አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ለሚቆይ ብርቱ ሥራ ዋናው እርሱ ነው። ሦስተኛው ስኳርንና ስብን በኦክስጅን ማቃጠል ነው፤ ዝግ ይላል፣ ግን ለሰዓታት ይዘልቃል። ሦስቱም ሁልጊዜ አብረው ይሠራሉ፤ እንደ ሥራው ብርታት የሚለዋወጠው ድርሻቸው ነው።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው እረፍት ላይ ነው። ከአንድ ከባድ ዙር (ሳያርፉ ተከታትለው ከሚሠሩት ድግግሞሽ) በኋላ የክሬቲን ፎስፌት ግማሽ ያህሉ በግማሽ ደቂቃ አካባቢ ይመለሳል፤ አብዛኛው እስኪመለስ ግን ሦስት ደቂቃ ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ በከባድ ዙሮች መካከል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይረፉ። እረፍትን እንደ ስንፍና የሚቆጥር ሰው ሁለተኛውን ዙር በባዶ ጎተራ ይጀምራል፤ የሚያነሳው ያንሳል፣ ጡንቻው የሚሰማው ጥያቄም ይደክማል።

3. በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከባድ ሥራ ይስጡት

አምስት ዓይነት እንቅስቃሴ ለጀማሪ ይበቃል። ቁጢጥ ብሎ መነሳት (ለሚከብደው ከወንበር መነሳት)፤ መግፋት፣ ማለትም ፑሽ አፕ፣ በመሬት ካልተቻለ እጅን በጠረጴዛ ወይም በግድግዳ ላይ አድርጎ፤ ክብደትን ወደ ሆድ መሳብ፤ ጀርባን ቀጥ አድርጎ ከዳሌ በመታጠፍ ክብደትን ከመሬት ማንሳት፤ በመጨረሻም በሁለት እጅ ክብደት ይዞ መራመድ። የብረት ክብደት ከሌለዎት ውኃ የሞላ ጀሪካን ወይም መጻሕፍት የያዘ ቦርሳ ያገለግላል። ጡንቻ ሸክሙን እንጂ የሸክሙን ዓይነት አይለይም።

ከመጀመርዎ በፊት አምስት ደቂቃ ያህል ሰውነትዎን ያሟሙቁ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ዙር ቀለል ባለ ክብደት ይሥሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ወይም ሁለት ዙር፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ዙር ያድርጉ። በአንድ ዙር ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይደጋግሙ። ክብደት ይዞ መራመዱን ግን በድግግሞሽ ሳይሆን ከ30 እስከ 40 ሰከንድ እያሉ በጊዜ ይለኩት።

አሁን ዋናው ነገር መጣ፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። አንጎል ጡንቻን የሚያዘው በነርቭ ሲሆን እያንዳንዱ ነርቭ የሚያዝዛቸው የራሱ የጡንቻ ክሮች አሉት። ቀላል ሥራ ሲመጣ የሚጠሩት ቶሎ የማይደክሙት ትናንሽ ስብስቦች ናቸው። ሥራው ሲከብድ፣ ወይም ቀላሉ ሥራ ተደጋግሞ ድካሙ ሲበረታ፣ ትልልቆቹና ኃይለኞቹ ይጨመራሉ። የማደግ አቅማቸው ከፍ ያለው እነዚህ ናቸው፤ ካልተጠሩ ግን እንዳሉ ይቀመጣሉ። ስለዚህ 12 ጊዜ አንስተው ገና 10 ጊዜ መድገም የሚችሉ ከሆነ ዙሩ ትናንሾቹን ብቻ አሠርቶ አልቋል። ማቆም ያለብዎት አንድ፣ ሁለት ወይም ቢበዛ ሦስት ድግግሞሽ ሲቀርዎት ነው። የመጨረሻዎቹ ድግግሞሾች ሳይፈልጉት ዝግ ማለት ሲጀምሩ ቦታው ላይ ደርሰዋል ማለት ነው። በየዙሩ አቅምን እስከ ጥግ አሟጥጦ መውደቅ ግን አያስፈልግም፤ የአነሳስ ሥርዓትን ያበላሻል፣ የሚቀጥለውንም ቀን ይበላል።

ሁለተኛው ቁም ነገር ሸክሙን ማሳደግ ነው። አሜሪካዊው የጦር ሠራዊት ሐኪም ቶማስ ደሎርም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክም በዚያ ዘመን የተለመደውን ቀላል ክብደት ብዙ ጊዜ የማንሳት ሕክምና ትቶ፣ ከባድ ክብደት በጥቂት ድግግሞሽ እንዲያነሱና ክብደቱን ደረጃ በደረጃ እንዲጨምሩ አደረገ። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተመ፤ እስከ ዛሬ የምንሠራበት መርሕ ነው። እርስዎም በደብተርዎ እንዲህ ይተግብሩት፦ በሁሉም ዙሮች 12 ጊዜ ደርሰው ሁለት ያህል ሲተርፍዎት በሚቀጥለው ጊዜ ማግኘት የሚችሉትን ትንሹን ክብደት ይጨምሩና ወደ 8 ይመለሱ። ከ8 ተነስተው እንደገና ወደ 12 ይውጡ።

«ለእኔ ዕድሜዬ አልፏል» የሚል አንባቢ ካለ አንድ ነገር ልንገረው። እ.ኤ.አ. በ1990 ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩና ዕድሜያቸው 90 ዓመት አካባቢ የሆነ ሰዎች ለስምንት ሳምንታት በእግራቸው ከባድ ክብደት ሠሩ። የጭናቸው ጥንካሬ በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። በ90 ዓመት የሚሰማ ጡንቻ በ50 እና በ60 ዓመት አይደነቁርም።

4. በሌሎቹ ቀናት ትንፋሽዎን ያሠሩ

መለኪያው ንግግር ነው። እየሄዱ ወይም ሶምሶማ እየሮጡ ማውራት የሚችሉ፣ መዝፈን ግን የማይችሉ ከሆነ ፍጥነቱ መካከለኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ምክር በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ እንድናደርግ፣ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራም ቢያንስ ሁለት ቀን እንድንጨምር ነው። በሳምንት ሦስት ቀን በ20 ደቂቃ ጀምረው በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩ። ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ አንዱን ቀን ወደ ብርቱ ሥራ ይለውጡት፦ ሦስት ደቂቃ ከአጭር ዓረፍተ ነገር በላይ ለመናገር በማያስችል ፍጥነት፣ ሦስት ደቂቃ ዝግ ብሎ፤ ይህን አራት ጊዜ ይድገሙ።

በውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደም ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፤ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይበዛል። በሳምንታት ውስጥ በጡንቻ ክሮች ዙሪያ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ ኦክስጅን የሚጠቀሙት የሕዋስ ክፍሎች፣ ሚቶኮንድሪያዎች፣ ይበዛሉ። ይህን መጀመሪያ በግልጽ ያሳየው ጆን ሆሎዚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ሥራ ለሳምንታት ሩጫ የለመዱ አይጦች በጡንቻቸው ውስጥ ያሉት የሚቶኮንድሪያ ኢንዛይሞች በእጥፍ ገደማ ጨምረው አገኘ። ለእርስዎ ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ዛሬ የሚያስተነፍስዎ ዳገት ከሁለት ወር በኋላ ብዙ ስብና ጥቂት ግላይኮጅን (በጡንቻ የተከማቸ ስኳር) እያቃጠሉ የሚወጡት ይሆናል።

5. ሕመሙን በትክክል ያንብቡት

ከመጀመሪያው ልምምድ በኋላ ሰውነት መሰባበሩ የተለመደ ነው። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ደረጃ መውረድ፣ ወንበር ላይ መቀመጥ ያስቸግራል። ብዙ ጊዜ ተወቃሹ ላክቲክ አሲድ (ላክቴት) ነው፤ ይህ ስሕተት ነው። በሥራ ጊዜ የተፈጠረው ላክቴት በአንድ ሰዓት አካባቢ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል፤ እንዲያውም ልብና ሌሎች ጡንቻዎች እንደ ነዳጅ ይጠቀሙበታል። ሕመሙ የሚመጣው ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ሲሸከም፣ ለምሳሌ ቁልቁለት ስንወርድ ወይም ክብደቱን ዝቅ ስናደርግ፣ ክሮቹ ላይ ከሚደርስ ጥቃቅን ጉዳትና ከጥገናው ነው። ለተመሳሳይ ሥራ በሁለተኛው ጊዜ ሕመሙ በጣም ይቀንሳል። ሕመም የእድገት መለኪያ ስላልሆነ አይፈልጉት፤ መጥፋቱም ልምምዱ መሥራቱን አቆመ ማለት አይደለም።

ጎንበስ ቀና ሲሉ የሚሰማ ደብዛዛ ሕመም ካለ ቀለል ያለ የእግር ጉዞ ይርዳዎት። በአንድ ነጥብ ላይ የሚወጋ፣ መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ ወይም በሥራ መካከል ድንገት የመጣ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ያቁሙ። ከሁሉም በላይ ይህን ያስታውሱ፦ ከብርቱ ልምምድ በኋላ ጡንቻዎ እጅግ አብጦ ቢያምዎትና ሽንትዎ ጥቁር ሻይ ቢመስል ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ። የተሰባበረ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ይህ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከረጅም እረፍት በኋላ በአንድ ቀን ያለ ልክ በሠሩ ሰዎች ላይ ነው።

6. የሠራውን ጡንቻ ይመግቡ

ከከባድ ልምምድ በኋላ ጡንቻ አዲስ ፕሮቲን የሚገነባበት ፍጥነት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ከፍ ብሎ ይቆያል። ግንባታው ግን ጡብ ይፈልጋል። ለማይንቀሳቀስ አዋቂ ዝቅተኛው ምክር በኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ፕሮቲን ነው፤ ጡንቻ ለማሳደግ ለሚሠራ ሰው በኪሎ 1.6 ግራም አካባቢ ጥሩ ግብ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 112 ግራም ማለት ነው፤ በአራት ማዕድ ቢከፈል በየማዕዱ 28 ግራም ይደርሰዋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ ሥጋ ከ25 እስከ 30 ግራም ገደማ ይይዛሉ። ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ የማይበሉ ከሆነ ጥራጥሬንና እህልን አቀላቅለው መጠኑን ከፍ ያድርጉ። ጡንቻው ለረጅም ሰዓት ክፍት ስለሆነ ልምምድ እንዳለቀ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልበላሁ ጠፋሁ ብሎ መሮጥ አያስፈልግም፤ የቀኑ ድምር ይበልጣል። ከሚሸጡት ማሟያዎች መካከል ማስረጃው የጠነከረው በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም የሚወሰድ ክሬቲን ነው፤ እርሱም ያለ ልምምድና ያለ ምግብ ብዙ አይፈይድም።

ካርቦሃይድሬት በጡንቻና በጉበት ውስጥ ግላይኮጅን ሆኖ ይከማቻል፤ በአዋቂ ጡንቻዎች በጠቅላላው 400 ግራም ገደማ፣ በጉበት 100 ግራም ገደማ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝን ሙከራ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1966 ስዊድናውያኑ ዮናስ በርግስትሮምና ኤሪክ ሁልትማን ራሳቸውን መሞከሪያ አደረጉ። በአንድ ብስክሌት ግራና ቀኝ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በአንድ እግራቸው ብቻ እስኪዝሉ ፔዳል መቱ፤ ሌላኛው እግራቸው አረፈ። ከዚያ ለሦስት ቀን ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ እየበሉ በመርፌ ከሁለቱም ጭኖቻቸው ትንሽ ጡንቻ አስወሰዱ። በሠራው እግር ውስጥ የተከማቸው ግላይኮጅን ካረፈው እግር በእጥፍ ገደማ በለጠ። ደሙ አንድ፣ ምግቡም አንድ ነበር፤ ማዕዱን ወደ ራሱ የጠራው የሠራው ጡንቻ ብቻ ነው።

ምክንያቱ በከፊል ይህ ነው፦ ጡንቻ ሲኮማተር የስኳር ማስገቢያ በሮቹ ያለ ኢንሱሊን ወደ ሕዋሱ ገጽ ይወጣሉ። ከሥራ በኋላም ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ጡንቻው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ የሰላ ይሆናል። የደም ስኳር ለሚያስቸግራቸው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ስኳር የሚቀንስ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ግን የደሙ ስኳር በልምምድ ጊዜ ወይም ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት በእንቅልፍ ላይ ሳለ እንኳ፣ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ቀደም ብዬ ሐኪም ያማክሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

በተግባር ካርቦሃይድሬቱን ከሥራው ጋር ያስተካክሉ። ረጅም ወይም ብርቱ ልምምድ ባለበት ቀን ከልምምዱ ሁለት ሦስት ሰዓት በፊትና ከዚያ በኋላ ባለው ማዕድ ድርሻውን ከፍ ያድርጉ፤ በእረፍት ቀን ይቀንሱ። ውኃን በተመለከተ ረጅም ልምምድ ሲኖር ከመሥራትዎ በፊትና በኋላ ይመዘኑ። አንድ ኪሎ ከቀነሱ አንድ ሊትር ያህል ላብ ወጥቷል። ከክብደትዎ ከ2 በመቶ በላይ ካጡ አቅምዎ ይቀንሳል። ክብደትዎ ጨምሮ ከተገኘ ግን ከልክ በላይ ጠጥተዋል፤ ይህ የደምን ሶዲየም ስለሚያቀጥን አደገኛ ሊሆን ይችላል።

7. ስለ ሜታቦሊዝም እውነቱን ይያዙ

ሜታቦሊዝም ሰውነት ምግብን ወደ ኃይልና ወደ አካል የሚለውጥበት ሥራ ሁሉ ነው። ከቀን ወጪያችን ትልቁን ክፍል፣ በአብዛኛው ሰው ላይ ከ60 እስከ 70 በመቶውን፣ የሚወስደው ተኝተንም የሚቀጥለው እንደ አንጎል፣ ጉበት፣ ልብና ኩላሊት ያሉ አካላት ሥራ ነው። «ጡንቻ ከጨመርክ ተኝተህም ስብ ትቀልጣለህ» የሚለው ማስታወቂያ ነገሩን ያጋንናል፤ አንድ ኪሎ ጡንቻ በእረፍት ላይ በቀን የሚያቃጥለው 13 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። ሦስት ኪሎ ጡንቻ ቢጨምሩ ልዩነቱ ከ40 ኪሎ ካሎሪ አይበልጥም። የጡንቻ ትልቁ ጥቅም ስኳርን በማከማቸቱና ሥራ በመሥራቱ ላይ ነው።

«ሜታቦሊዝሜ በ40 ዓመቴ ወረደ» የሚለውም ብዙ ጊዜ አይቆምም። ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት ለሰውነት መጠንና ይዘት ከተስተካከለ በኋላ የኃይል ወጪ ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ብዙም እንደማይለወጥ ታይቷል። የሚቀንሰው እንቅስቃሴያችንና ጡንቻችን ነው፤ ሁለቱም በእጃችን ናቸው። ክብደት መቀነስ ከፈለጉ ከምግብዎ በመጠኑ ይቀንሱ፣ ፕሮቲኑን አይንኩ፣ ከባዱን ሥራም አይተዉ። ያለ ልምምድ በረሃብ የሚቀንስ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣል።

8. ይተኙ

በሁለት ከባድ ቀናት መካከል ለተመሳሳይ ጡንቻ ቢያንስ አንድ ቀን እረፍት ይስጡ፤ በሌሊትም ሰባት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይተኙ። በሁለት ተከታታይ ልምምዶች ያነሱት ከቀነሰ፣ የጠዋት ልብ ምትዎም ከተለመደው ከፍ ካለ፣ ለአንድ ሳምንት ዙሮቹን በግማሽ ይቀንሱ።

9. በየትኛው ሳምንት ምን እንደሚጠብቁ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሚዛኑ አንድ ኪሎ ቢጨምር አይደንግጡ። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል፤ 200 ግራም ካከማቹ 800 ግራም ክብደት ነው፤ ስብ አይደለም። እስከ አራተኛው ሳምንት ድረስ ጥንካሬዎ በፍጥነት ይጨምራል፤ ይህ በአብዛኛው የነርቭ ትምህርት ነው፤ ጡንቻው ገና ብዙ አልወፈረም። ብዙዎች የሚተዉት እዚህ ነው። ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት የክሮቹ መወፈር መታየት ይጀምራል፤ ልብስ ትከሻና ጭን ላይ ሲጠብ፣ ወገብ ላይ ሲላላ ያውቁታል። ጅማቶች ከጡንቻ ዘግይተው ስለሚጠነክሩ በዚህ ወቅት ጉልበት ተሰማኝ ብለው ክብደቱን አያስዘልሉት።

ጉዞ ወይም ሥራ ቢያቋርጥዎ ከባዱን ልምምድ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ይያዙ፤ ክብደቱ ካልቀነሰ ጥንካሬዎን ለሳምንታት ያቆይልዎታል። ትንፋሽ ግን ቶሎ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1966 በዳላስ አምስት የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንታት አልጋ ላይ ብቻ እንዲቆዩ ተደርጎ ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅማቸው ከአንድ አራተኛ በላይ ቀነሰ፤ ከዚያ በተከታተሉት ልምምድ መልሰው አገኙት።

10. በ12ኛው ሳምንት እንደገና ይለኩ

አምስቱን ቁጥሮች በተመሳሳይ ሰዓትና ሁኔታ ይውሰዱ። የጠዋት ልብ ምት ከቀነሰና መንገዱ የሚፈጅብዎት ጊዜ ካጠረ የትንፋሹ ሥራ ደርሷል። ከወንበር የመነሳት ብዛት ካልጨመረ ደብተሩን ወደ ኋላ ይግለጡ፤ ለሳምንታት ተመሳሳይ ክብደት ተጽፎ ካገኙት ጥያቄው አልከበደም ማለት ነው። የሚያነሱት ክብደት እየጨመረ ሄዶ ጡንቻው ካልጨመረ የአንድ ሳምንት ፕሮቲንዎን ይደምሩ። ሚዛኑ ሳይነቃነቅ ወገብዎ ከቀነሰ ስብ ሄዶ ጡንቻ መጥቷል፤ ምግብዎን አይቀይሩ። ወገብም ሚዛንም ካልቀነሱና መቀነስ ግብዎ ከሆነ፣ ለሁለት ሳምንት የሚበሉትን ሁሉ እየጻፉ ከማዕድ ውጭ የሚቀመሱትን ነገሮችና ጣፋጭ መጠጦችን መጀመሪያ ይፈትሹ።